ዌሊንግተን ላይ ያሸነፈው የትኛው ስፕሪንግቦክ ነው?

ክርክር

ቅዳሜ መስከረም 3 ቀን፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2025፣ የደቡብ አፍሪካ የራግቢ ቡድን፣ ስፕሪንግቦክ፣ ዌሊንግተን ላይ ኒውዚላንድን 43 ለ 10 አሸነፈ። ኦል ብላክስ የሚባሉት ኒውዚላንዶች በታሪካቸው በዚህን ያህል ልዩነት ተሸንፈው አያውቁም። ለእረፍት ሲወጡ 10 ለ 7 እየመሩ ነበር። ከእረፍት መልስ ግን አንድም ነጥብ አላገኙም። ስፕሪንግቦኮች 36 ነጥብ ጨመሩ። ይኸው ቡድን ከሳምንት በፊት ኦክላንድ ውስጥ ኤደን ፓርክ ላይ 24 ለ 17 ተሸንፎ ነበር። ታዲያ በአንድ ሳምንት ምን ተለወጠ? ይህ አጨዋወት እስከ 2027ቱ የዓለም ዋንጫ ያደርሳል? ሁለት ደቡብ አፍሪካ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን በዚያው ሰሞን እንዲህ ተከራክረው ነበር። አንደኛው ጆሃንስበርግ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ኬፕታውን ትኖራለች። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጆሃንስበርጉ፦

ጨዋታውን ያየሁት ጄፒ፣ ኢትዮጵያውያን የምንነግድበት የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ሱቄ ውስጥ ነው። እዚህ ሲጀመር ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ደንበኛውም ሻጩም ስልክ ላይ አፍጥጦ ነበር። ስድስት ትራይ! ስድስት ጊዜ ኳሷን ከግባቸው መስመር ማዶ መሬት አስነካን። ደስታዬን መደበቅ አልችልም። እንቁጣጣሽ ለእኔ ቅዳሜ ዕለት ነው የገባው።

የሚያሳስበኝ ከጨዋታው በኋላ የሰማሁት ወሬ ነው። «የድሮው ጨዋታ አበቃለት፤ ከእንግዲህ ኳስ ይዞ መሮጥ ነው» ይባላል። በዚህ አልስማማም።

እስቲ ትራዮቹን እንያቸው። የመጀመሪያው የቼስሊን ኮልቢ ነው። ኮልቢ የኒውዚላንድን ፓስ ጠልፎ ነው የሮጠው። ያ የመከላከል ፍሬ ነው። ኳጋ ስሚዝና አንድሬ ኤስተርሃይዘን ደግሞ ተቀይረው ገብተው ነው ያስቆጠሩት። ይህ ከ2019 ጀምሮ «ቦምብ ስኳድ» እያልን የምንጠራው ነው። የደከመ ሰው ላይ ትኩስ ጉልበት ማምጣት ማለት ነው። ስክረማቸው፣ ማለትም ተቆላልፎ የሚገፋፋው የፊት ሰልፍ፣ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ የኒውዚላንድ እግር ሲዝል፣ ሜዳው ተከፈተ። ሩጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ በር ይሰበራል፣ ከዚያ ይገባል።

ዋንጫውንም ቁጠሩ። አራት የዓለም ዋንጫ አለን፤ 1995፣ 2007፣ 2019 እና 2023። ከአራቱ ፍጻሜዎች ሦስቱን ያሸነፍነው አንድም ትራይ ሳናስቆጥር ነው። በ1995 እዚሁ ጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ ላይ፣ በጭማሪ ሰዓት፣ ጆል ስትራንስኪ ኳሷን መሬት አስነክቶ መታና 15 ለ 12 ሆነ። በ2007 እንግሊዝን 15 ለ 6። በ2023 ኒውዚላንድን 12 ለ 11። አስራ ሁለቱም ነጥብ የሃንድሬ ፖላርድ አራት ፔናልቲ ነው። ፒተር-ስቴፍ ዱ ቶይት ያን ምሽት ብቻውን 28 ታክል አደረገ፤ ኳስ የያዘ ሰው ይዞ ጣለ ማለት ነው። 28! የዓለም ዋንጫ የሚበላው እንዲህ ነው።

ክፍት ጨዋታ የት እንደሚያደርስ ደግሞ ነሐሴ ላይ አይተናል። ኤሊስ ፓርክ ገብቼ ነበር። ገና 20 ደቂቃ ሳይሞላ አውስትራሊያን 22 ለ 0 መራን። ሰዉ ይጨፍራል። ልጆቻችን ከየትም ቦታ ኳስ ማቀባበል ጀመሩ። መጨረሻው 38 ለ 22 ሽንፈት ሆነ። አውስትራሊያ በዚያ ሜዳ ያሸነፈችው ከ1963 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

የኬፕታውኗ፦

ጋሼ፣ ስለ 2023 ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔም ያን ምሽት አልቅሻለሁ። ግን መንገዱን ሙሉውን እናስታውስ። ሩብ ፍጻሜ ፈረንሳይን 29 ለ 28። ግማሽ ፍጻሜ እንግሊዝን 16 ለ 15። ፍጻሜ 12 ለ 11። ሦስቱም በአንድ ነጥብ!

ፈረንሳይ ላይ ኮልቢ ሮጦ የቶማ ራሞስን ከትራይ በኋላ የሚመታ የማጠናከሪያ ምት በእጁ አገደ። ያ ምት ሁለት ነጥብ ነበር፤ ያሸነፍነው በአንድ ነው። በፍጻሜው ኒውዚላንድ አምበሏ ሳም ኬን በቀይ ካርድ ወጥቶባት አብዛኛውን ጨዋታ በ14 ሰው ተጫወተች። እንዲያም ሆኖ እኛን የምትበልጥበት ዕድል ነበራት። ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ጆርዲ ባሬት የመታው ፔናልቲ ትንሽ ቢስተካከል ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። የልጆቹን ወኔ አከብራለሁ። ግን ሦስት ጊዜ በፀጉር ስንጥቅ ያለፈ ሰው አራተኛውን በዚያው መንገድ ልለፍ አይልም።

አራተኛ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የ2027ቱ ዋንጫ አውስትራሊያ ውስጥ በ24 ቡድኖች ነው የሚካሄደው። ከምድብ በኋላ አንድ ዙር ተጨምሯል። ዋንጫ የሚያነሳ ቡድን አራት ተከታታይ የሞት ሽረት ጨዋታ ማሸነፍ አለበት። እስከ ዛሬ ሦስት ነበር።

ሕጉም እየተለወጠ ነው። ከፈረንሳይ ጋር ስንጫወት ዴሚያን ቪለምሰ ከራሳችን ግብ አጠገብ ኳስ ቀለበ። ነፃ ምት አገኘ፤ «ስክረም እንፈልጋለን» አለ። ዓለም ተገረመ። በዓመቱ ያ ምርጫ ከሕጉ ወጣ። ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ከነፃ ምት ስክረም መጠየቅ አይቻልም። ጉልበታችን ባለበት ቦታ ሁሉ ሕግ አውጪዎቹ ዓይናቸውን ጥለዋል። ስለዚህ ሁለተኛ መሣሪያ ያስፈልገናል። አሰልጣኙ ራሲ ኢራስመስ ይህን ከማናችንም ቀድሞ ነው ያየው። በ2024 ኒውዚላንዳዊውን ቶኒ ብራውንን አምጥቶ ማጥቃቱን የሰጠው ለዚህ ነው። ያልተገላበጠ ያራል፣ ጋሼ።

አሁን ወደ ዌሊንግተን ልምጣ። ለእኔ ዋናው ለውጥ 10 ቁጥር፣ ማጥቃቱን የሚመራው ሰው፣ ነው። ኤደን ፓርክ ላይ ፖላርድ ጀመረ። ዌሊንግተን ላይ ሳሻ ፋይንበርግ-ምንጎሜዙሉ። ለከተማዬ ልጅ አዳልቼ አይደለም። ሳሻ ኳስ የሚቀበለው ወደ ተከላካዮቹ ተጠግቶ ነው። ራሱ ሰብሮ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፊቱ ያለው ተከላካይ ቆሞ እሱን መጠበቅ አለበት። ወደ ጎን ሸርተት ማለት አይችልም። ያኔ ከአጠገቡ ላሉት ለቪለምሰና ለኬናን ሙዲ ቦታ ይከፈታል። ከዳር ደግሞ ኮልቢ አለ። ሁለተኛውን ትራይ ሲያስቆጥር እኔ ቤት ጎረቤቶቼ በር አንኳኩ፤ የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

የጆሃንስበርጉ፦

ልጄ፣ በደንብ ተናገርሽ። የሕጉን ነገር እቀበላለሁ። እኔም ያኔ ተናድጄ ነበር።

ግን የአራቱን ጨዋታ ነገር ገልብጠሽ እዪው። የሞት ሽረት ጨዋታ ሲበዛ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? በ77ኛው ደቂቃ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። እንግሊዝን በ2023 ያሸነፍነው እንዴት ነበር? ዝናብ ነው። ጨዋታው እያለቀ ነው። ስክረማችን ፔናልቲ አስገኘ። ፖላርድ ከ50 ሜትር ገደማ መታና አገባ። ዝናብ ላይ የቶኒ ብራውን ፓስ አይሠራም። በጥቅምት አውስትራሊያ ዝናብ አይዘንብም ያለሽ ማነው?

ኤሊስ ፓርክንም ዘለልሽው።

የኬፕታውኗ፦

አልዘለልኩትም፣ ልመጣበት ነበር። ኤሊስ ፓርክ ላይ 10 ቁጥር ማኒ ሊቦክ ነበር። አንድ ፓስ ተጠልፎ ትራይ ሆነብን፤ እውነት ነው። ግን ጨዋታው የተበላሸው መሬት ላይ ነው። ሰው ታክል ተደርጎ ሲወድቅ ደጋፊ አልደረሰለትም፤ አውስትራሊያዎች ኳሷን ነጠቁ። የሩጫ ጨዋታ የሚሞተው እዚያ ነው። ዌሊንግተን ላይ ያ ተስተካክሏል። አንድ ሰው ሲወድቅ ሁለት ሰው ከላዩ ነበር። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ ያለ ፎርዋርዶቹ፣ ያለ ፊተኞቹ ግዙፎች፣ ጉልበት የብራውን ጨዋታ አይቆምም። እኔ የምለው ጉልበቱ ለሁለት ነገር ይዋል ነው። ለምቱም፣ ለሩጫውም።

ደግሞ ኢራስመስ የጉልበቱን ጨዋታ አልተወውም። ሐምሌ ላይ ከጣሊያን ጋር ያደረጉትን አስታውሱ። በጨዋታ መሃል፣ ኳስ ከዳር ሲወረወር (ላይንአውት) ሳይሆን፣ አንዱን ተጫዋች ወደ ላይ አንስተው ኳስ ሰጡትና ተሰብስበው ገፉ። የድሮው ግፊያ ነው፤ ያልተጠበቀ ቦታ ላይ መጣ እንጂ።

አንድ ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ዕድሜ። አምበላችን ሲያ ኮሊሲ 34 ነው። ኢበን ኤትዝቤት 33፣ ቪሊ ለ ሩ 36። ፖላርድ ራሱ 31 ሞልቶታል። በ2027 በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ይደምሩ። ሳሻ ገና 23 ነው። ዛሬ ኃላፊነቱን ካልያዘ መቼ ሊይዝ ነው?

የጆሃንስበርጉ፦

የኮሊሲን ዕድሜ ስትቆጥሪ ልቤ አዘነ። የጆሃንስበርግ ሰው ሁሉ ከቀለም ባለፈ ስሙን እየጠራ ሲጨፍር በ2019 አይቻለሁ፤ እኔም መሃላቸው ነበርኩ። ከሜዳ የሚወጣበትን ቀን ማሰብ አልወድም።

እሺ፤ ሳሻ ይጀምር። ይህን ትናንት አልቀበልም ነበር። ግን ፖላርድ ተጠባባቂ ላይ ይቀመጥ። የመጨረሻው 20 ደቂቃ የእሱ ነው። ልጁ ይክፈት፣ ሽማግሌው ይዝጋ። ቦምብ ስኳድ ለፎርዋርዶች ከሠራ ለ10 ቁጥርም ይሠራል።

የኬፕታውኗ፦

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ችግር አለው። ፖላርድ ሁልጊዜ የሚዘጋ ከሆነ ሳሻ መዝጋት መቼ ይማራል? የጨዋታ መዝጋት ልምምድ ሜዳ ላይ አይገኝም። ጭንቀቱ ውስጥ ገብቶ፣ ተሳስቶ፣ ነው የሚገኘው። ፖላርድም በ2015 ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ የዓለም ዋንጫ ላይ 10 ቁጥር ለብሶ ጀመረ። ያኔ «ልጅ ነው» ብለን ብናስቀምጠው የ2019ኙንና የ2023ቱን ፖላርድ አናገኝም ነበር።

የጆሃንስበርጉ፦

ይህ ዋንጫ ግን የሙከራ ቦታ አይደለም። አሁን ያለንበት የአራት አገሮች ውድድር፣ የራግቢ ሻምፒዮንሺፑ፣ ሁለት ጨዋታ ቀርቶታል። አራቱም ቡድኖች ሁለት አሸንፈው ሁለት ተሸንፈዋል። አርጀንቲና ቡዌነስ አይረስ ላይ ኒውዚላንድን 29 ለ 23 አሸንፋለች። በዚያው በዌሊንግተኑ ቀን አውስትራሊያን ሲድኒ ላይ ረትታለች። ሴፕቴምበር 27 ደርባን ትመጣለች፤ በሳምንቱ ለንደን ላይ እንገናኛለን። አንዱን ከጣልን የዓምናው ዋንጫችን ይሄዳል። ደርባን ላይ 20 ደቂቃ ቀርቶ በሦስት ነጥብ ብቻ እየመራን ነው እንበል። ያኔስ ፖላርድን አታስገቢም?

የኬፕታውኗ፦

አላስገባም ጋሼ። በሦስት ነጥብም ቢሆን ሳሻን እተወዋለሁ።