ማስተካከያ፦ በክርስቲያን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን የኬሚስትሪና የባዮኬሚስትሪ ዲግሪ በተመለከተ

ሰሞኑን በብዙዎች የተጋራ አንድ ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ዕውቅና ባለው የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ኬሚስትሪ ወይም ባዮኬሚስትሪ ያጠና ሁሉ ሲመረቅ የማኅበሩን የምስክር ወረቀት (ዲግሪው የማኅበሩን መስፈርት እንደሚያሟላ የሚያረጋግጥ ሰነድ) በቀጥታ እንደሚያገኝ ገልጿል፤ ይህ ትክክል አይደለም።

ማኅበሩ ራሱ ባወጣው መመሪያ መሠረት ዕውቅናው ለትምህርት ክፍሉ የሚሰጥ ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቱ ግን በአናሊቲካል፣ በኦርጋኒክ፣ በኢንኦርጋኒክና በፊዚካል ኬሚስትሪ እንዲሁም በባዮኬሚስትሪ መሠረታዊ ትምህርት ወስዶ፣ ከዚያም ጥልቅ ኮርሶችንና የተወሰነውን የቤተ ሙከራ ሰዓት ላሟላ ተማሪ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቃቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርሶች ለመመረቅ ያስፈልጉ ይሆናል እንጂ ከእነዚህ አንዱንም አይተኩም።

ስህተቱ ይበልጥ የሚጎዳው የባዮኬሚስትሪ ተማሪዎችን ነው፤ ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ግዴታ ባልሆነበት ክፍል የሚማር ሰው በጥሩ ውጤት ተመርቆም የምስክር ወረቀቱን ላያገኝ ይችላል። ፊዚካል ኬሚስትሪም ካልኩለስና ፊዚክስን አስቀድሞ ስለሚጠይቅ፣ ጉድለቱን በመጨረሻው ዓመት ያወቀ ተማሪ ለማሟላት ይቸገራል፤ ስለዚህ ጉዳዩን ከትምህርት አማካሪ ጋር በመጀመሪያው ዓመት መነጋገር ይበጃል። የምስክር ወረቀቱ አለመኖር ግን ዲግሪውን ዋጋ አያሳጣውም፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ለመግቢያ አይጠይቁትም።