«ደርባባ ናት» ካልን አለቀ

ኧረ እኛን የኮንዶሚኒየም ሰዎች የሚያደንቅ ጠፋ! ከጀሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ አራብሳ ያለነውን ማለቴ ነው። ሌላው ዓለም ከልጅ ጋር የሚሠራን ሰው ሬከርዱን ያስመረምራል፣ የድሮ አሠሪው ጋ ይደውላል፣ ጊዜውን ይፈጃል። እኛ ሞግዚት ስንቀጥር አንድ ጊዜ ፊቷን አየት እናደርጋለን፣ «ደርባባ ናት፣ አይን አፋር ናት»፣ በቃ። ፌስታሏን ሳታስቀምጥ ሕፃኑን ታቅፋለች።

ደግሞ አያጣሩም የሚለን ሰው ውሸቱን ነው። ሱቁ በር ላይ ደብተሩን ይዞ የሚቆመው ደላላ «እህቴ ሙች፣ ይቺን ልጅ እንደ ራሴ ነው የማውቃት» ካለ ሌላ ምን ይፈለጋል? ከአውቶብስ የወረደችው ትናንት ማታ ነው እንግዲህ፣ ግን ያውቃታል፣ ኮሚሽኑን ቆጥሮ ኪሱ እስኪከት ድረስ በደንብ ያውቃታል። ስሟን ስትጠይቁት ዞር ብሎ «ማን ነበር ያልሽኝ?» ይላታል፣ ያው ከመቀራረብ ብዛት ነው።

ዋስም እንጠይቃለን እኮ! ወርቅ ከጠፋ፣ ላፕቶፕ ከጠፋ ብለን የዋሱን መታወቂያ ኮፒ አድርገን ቁምሳጥን ውስጥ እንቆልፋለን። ልጁስ? ልጁ እኮ አይሸጥም፣ ማን ይወስደዋል። ወንድማችን ሚስት ሊያገባ ሲል ሰባት ቤት ቆጥረን አያት ቅድመ አያቷን አጣርተን ነው፣ ለሞግዚት ግን ጥያቄያችን አንድ ነው፣ ወጥ ትችላለች?

ያቺው ልጅ ሪያድ የሰው ልጅ ልታሳድግ ብትሄድ ኖሮ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለላችሁ፣ ሥልጠና፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ወረቀት፣ ሜዲካል። ፌደራል ፖሊስ አሻራ አንስቶ የሚሰጠው ከወንጀል ነፃ ማስረጃም አለ፣ ግን እሱ ለቪዛ ነው ብለን ተስማምተናል፣ ኮዬ ፈጬ ለመግባት ደግሞ ቪዛ አያስፈልግም። (እሷም ብዙ ጊዜ ራሷ ገና ልጅ ናት፣ የምትገባበትን ቤት አባወራ ማን አጣራላት እንዳትሉ፣ እኛ ጨዋ ነን።)

የትምህርት ቤት ሰርቪሱማ ይለያል። 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ልጆቹ ተደራርበው ሲሄዱ የሹፌሩን የአባት ስም የሚያውቅ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ፣ ስልኩ ላይ «ሰርቪስ» ተብሎ ሴቭ ተደርጓል አይደል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የሕፃናት ደህንነት ይቅደም ይላል፣ እኛም አስቀድመን ጋቢና ከሹፌሩ አጠገብ ነው የምናስቀምጣቸው።

አዲስ የተከፈቱት ኬጂዎች ግን ቀልድ አያውቁም፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ ሳታሟሉ በሩን አታልፏትም። የ4 ዓመቱ ልጅ ኢንተርቪው ገብቶ ቀለም ለይቶ እስከ ሃያ ቆጥሮ ነው የሚያልፈው። ሽንት ቤት የሚወስደውን ሰውዬ ማን ኢንተርቪው አደረገው ብዬ ብጠይቅ «የዳይሬክተሯ የአጎት ልጅ ነው» ተባልኩ።