«ቤት ነች» የምትባለው ነጋዴ

«ሚስትህ ምን ትሠራለች?» «ምንም፣ ቤት ነች።» ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር ላማሲ ትዝ ትለኛለች።

ላማሲ የኖረችው ከ3,900 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ዛሬ ሰሜን ኢራቅ ውስጥ ባለችው በአሦር ከተማ። ባሏ ፑሹ-ኬን የሚነግደው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአሁኗ ቱርክ፣ ካኔሽ ላይ ነበር። ከአሦር ቆርቆሮና ጨርቅ በአህያ ይሄዳል፤ ከካኔሽ ብርና ወርቅ ይመለሳል።

ጨርቁን ማን ሠራው? ከባቢሎን በኩል ተገዝቶ የሚመጣ ነበረ። ሌላውን ግን እነ ላማሲ በየቤታቸው ይሸምኑታል። (እኛ ጋ ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነው፤ እነሱ ጋ ሁለቱም የሴት ነበር።)

ይህን የምናውቀው ካኔሽ በነበረችበት በኩልቴፔ ከ20,000 በላይ የሸክላ ጽሑፎች ስለተገኙ ነው። የሴቶቹም ደብዳቤ አለበት። ባል ጨርቅሽ ጥራት የለውም እያለ ይጽፋል። ላማሲ ዝም አትልም፤ ቤትህ ተቀምጦ ጨርቄን የሚያጣጥለው ማነው ትለዋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሻሊም-አሁም የሚባለውን ነጋዴ ጠቅሳ እሱ ቤት ሠራ፣ እኛስ መቼ ነው ብላ ትነዘንዘዋለች። እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። 4,000 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ ጭቅጭቁ ግን ያው ነው።

ዋቃርቱም ለምትባል ሴት የተጻፈው ደግሞ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ነው፦ ርዝመቱ 9 ክንድ፣ ወርዱ 8 ክንድ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ምናን፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ ሱፍ ጨምሪ፤ ግን ስስ ይሁን። ገበያው ካኔሽ ላይ የሚፈልገው ለሸማኔዋ አሦር ድረስ ይደርሳታል ማለት ነው።

ሴቶቹ ስንት ጨርቅ እንደላኩ፣ በማን እጅ እንደላኩ ይመዘግባሉ። ብራቸው ሲዘገይ ይጠይቃሉ። ስለዚህ «ባሏን ታግዝ ነበር» የሚለው አገላለጽ አይዋጥልኝም። ዘመኑን ገነት ማድረጌም አይደለም። ባሎቹ ካኔሽ ላይ ሁለተኛ ሚስት ማግባት ይችሉ ነበር፤ አሦር የቀረችው ልጅ እያሳደገች ትሸምናለች። ላማሲ ራሷ የታዘዘችውን ጨርቅ ሳትልክ ቀርታ አትቆጣ ብላ ጽፋለች፤ ልጅቷ ስላደገች ለሠረገላ የሚሆን ከባድ ጨርቅ መሥራት ነበረባታ።

ብር ስትልክ ሱፍም ጨምርበት ብላም ጽፋለታለች። ሱፍ ከተማው ውስጥ ተወድዶባት ነበር።