እርማት፦ የሴል ሽፋን የረጋ ቅቤ አይደለም

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ የጻፍከውን አነበብኩት። «የሴል ሽፋን በብርድ እንደረጋ ቅቤ ጠጣር ነው፤ ስቡ ካለበት ንቅንቅ አይልም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን ትክክል አይደለም።

ቅቤን ካነሳህ አይቀር፣ የኑግ ዘይትም አጠገቡ አስቀምጥ። በጮቄ ብርድ ቅቤው ይረጋል፣ ዘይቱ ይፈሳል። ሁለቱም ስብ ናቸው። ልዩነቱ ጭራቸው ላይ ነው፤ ጭራ የምለው የስቡን ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው። የቅቤው ጭራ አብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ተጠጋግቶ ይደረደራል። የኑጉ ድርብ ቦንድ (በሁለት ካርቦኖች መካከል ያለ እጥፍ ትስስር) ስላለው ይጎብጣል፣ መደርደር እምቢ ይላል።

ሽፋኑም ላይ ነገሩ ያው ነው። (ሽፋኑን የሚሠሩት ግን ቅቤና ዘይት ሳይሆኑ ውሃ ወዳድ ራስ ያላቸው ፎስፎሊፒዶች ናቸው፤ ሊፒድ ማለት የስብ ዓይነት ነው።) በቤተ ሙከራ ከአንድ ዓይነት ሊፒድ ብቻ ሽፋን መሥራት ይቻላል። ዲፒፒሲ የሚባለው ጭራው ቀጥ ያለ ነው፤ ከ41 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይረጋል። ዲኦፒሲ የሚባለው የሌላው ሊፒድ ጭራ ከዚህ በሁለት ካርቦን ይረዝማል። ረጅም ጭራ ደግሞ ቶሎ መርጋት ነበረበት። ጎባጣ በመሆኑ ግን ከዜሮ በታች እስከ 17 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

በፈሳሽ ሽፋን ውስጥ አንድ ሊፒድ ከጎረቤቱ ጋር በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ ቦታ ይለዋወጣል። ሽፋኑ ግን የተደራረበ ሁለት ንጣፍ ነው፤ ከአንዱ ንጣፍ ወደ ሌላው መገልበጥ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል።

«ኮሌስትሮል ሽፋኑን ያደርቃል» ያልከውም ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ፈሳሹን ጠበቅ ያደርጋል፤ የረጋውን ደግሞ ያላላል።