ትሏም ሰዓት አላት
ስለ ፍራፍሬ ዝንብ ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ዝንቧ ከትልነት ወደ ዝንብነት ከተለወጠችበት ሽፋን የምትወጣው ጎህ ሲቀድ ነው ይላል። ልክ ነው፤ ማለዳ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ለስላሳ ክንፏ ቀድሞ ሳይደርቅ ይዘረጋላታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ከእንቁላል ጀምሮ በድፍን ጨለማ ያደጉት የሚወጡት እንደመጣላቸው ነው፤ ቀን የለ፣ ሌሊት የለ። ገና ትል ሳሉ አንዴ ብቻ ለአጭር ጊዜ መብራት ቢበራባቸውስ? ከቀናት በኋላ፣ ያውም እዚያው ጨለማ ውስጥ፣ ሰዓት ጠብቀው ይወጣሉ። በቃ፣ የሰውነታቸው የውስጥ ሰዓት ተሞላ ማለት ነው! ተመራማሪዎቹ ኮኖፕካና ቤንዘር ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. የዚህ የውስጥ ሰዓት ዑደታቸው በ24 ሰዓት ፈንታ 19 ሰዓት የሆነ፣ 28 ሰዓት የሆነ፣ ጭራሽ ዑደት የሌላቸውም ዝንቦች አግኝተዋል። የሦስቱም መነሻ በአንድ ዘረመል ላይ የደረሰ ለውጥ ነው። ጸሐፊው ይህን ለምን እንደዘለሉት አልገባኝም፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነበር።