አንተን ለይቶ ነው የመሸብህ?

ባለፈው እሑድ አዘዞ ጎረቤታችን የተከራየች፣ ከሱዳን ኦምዱርማን የመጣች ሴት ቡና ጠራችን። ቡናውን ከዝንጅብል ጋር ነው የምታፈላው፤ ጀበናውንም በአረብኛዋ «ጀበና» ትለዋለች። ቡናው ሲያልቅ ወንድሟ ከአውሮፓ የላከላትን የድምፅ መልእክት አሰማችኝ። መተማ ስላደግሁ አረብኛ እሰማለሁ። የጥገኝነት ጥያቄውን የሚመረምሩት ሰዎች «አንተን ለይቶ የሚያሳድድህ ማን ነው?» ብለውታል። ምን ብሎ ይመልስ? ቤታቸውን የመታው መድፍ ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ እንኳ አያውቁም። ማዕድ ቤት ሽንኩርት ትልጥ የነበረችውን አክስታቸውን ገደላት። የተላጠው ሽንኩርት ሳህኑ ላይ እንዳለ ነበር አለችኝ።

በገጠራችን መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ብሎ እግሩን ያሳጥበዋል። «አንተን ለይቶ ነው የመሸብህ?» የሚል ባለቤት በዕድሜዬ አላየሁም።

ጥያቄው የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1951 ከተፈረመው የስደተኞች ስምምነት ነው። በዚያ ስምምነት ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት መሳደድን የሚፈራ ሰው ነው። መድፍ ሲዘንብበት የወጣ ሰው ከአምስቱ በአንዱም ላይገባ ይችላል። አፍሪካ ይህን ጉድለት ቀድማ አይታዋለች። ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ባጸደቀው ስምምነት የሕዝብን ሰላም ክፉኛ ካናጋ ሁኔታ የሸሸም ስደተኛ ነው ተባለ። የእኛም አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይህንኑ ይዟል።

አውሮፓ ዘግይታም ቢሆን ወደዚሁ ተጠግታለች። የካቲት 2001 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኔዘርላንድስ ጥገኝነት በጠየቁ ኢራቃውያን ባልና ሚስት ጉዳይ ላይ ወሰነ፦ ጥቃቱ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ሰላማዊ ሰው እዚያ በመገኘቱ ብቻ ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ በግሉ መፈለጉን ማስረዳት አይጠበቅበትም። እሱን የሚመለከት የራሱ ሁኔታ ካለ ደግሞ የሚጠየቀው የጥቃት ደረጃ ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላም ግን በጀርመን የሟቹን ቁጥር ከነዋሪው ብዛት ጋር እያነጻጸሩ «አልበቃም» የሚሉ ፍርዶች ነበሩ። ሰኔ 2013 ዓ.ም. የአፍጋኒስታን ናንጋርሃር ሰዎች ጉዳይ ሲቀርብለት፣ ያው ፍርድ ቤት ቁጥር ብቻውን ሊወስን አይችልም አለ። ስንት ሬሳ ሲቆጠር ነው የሚበቃው? ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በሩን ከከፈትን ዓለም ሁሉ ይጎርፋል የሚሉ አሉ። የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ እኛ ለፋሲካ ዶሮ እየገዛን ነበር። ከአገር የወጣው ሕዝብ አብዛኛው የቆመው ቻድ፣ ግብፅና ደቡብ ሱዳን ነው፤ በመተማ በኩልም ወደ እኛ ገባ። አውሮፓ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

እኛም ብንሆን ሕጉ ስላለን ብቻ አንኩራ። ወደ ኩመርና ወደ አውላላ የስደተኛ መጠለያዎች ገብተው የነበሩት ሱዳናውያን በታጣቂ ዘራፊዎች ተጠቅተዋል። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ ከአውላላ ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። እንግዳን አስገብቶ ሌሊት ሲዘረፍ ዝም ማለት ለጎንደር ሰው ነውር ነው። ስደተኞቹ ያሉባቸው መጠለያዎች ጥበቃ ይደረግላቸው፤ ካልተቻለም ሰዎቹ ወደ ከተማ ይምጡ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የተኩስ ድምፅ ምን እንደሆነ እኛም አውቀነዋል፤ ከልጆቻችን አንዱ ነገ እንደ ጎረቤቴ ወንድም በሰው አገር ይጠየቅ ይሆናል።

ለእሷ የነገርኋት ይህን ነው፦ ሰፈራችሁ የት እንደነበር፣ ቤታችሁ ከጦር ካምፕ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እሱ ምን ይሠራ እንደነበር አንድ በአንድ ይናገር። አክስታችሁ ሽንኩርት ስትልጥ እንደሞተችም ይናገር። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።