ውዳሴ ለማያነብ ጣት

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና ይሰጥ። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሕርማታ፣ ለሆቴል፣ ለክሊኒክና ለቡና ነጋዴ ድረ ገጽ የሚሠሩ የጅማ ልጆች ማንም ያላጨበጨበላቸው ጥበብ አላቸው፦ ሳያነቡ ማለፍ። ብራውዘሩ ላይ ቀዩ ሦስት ማዕዘን ብቅ ይላል፤ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይላል። እኔና እርስዎ ብንሆን ደንግጠን ቆም እንላለን። እነሱ? «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ፕሮሲድ»፣ ማለትም «ግዴለም፣ ቀጥል»። ዓይን ገና ሳይደርስ ጣት ተሻግሯል።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ልጁን የሚያስፈርድበት ነገር የለም። የሚያየው ገጽ ያለው እዚያው ጭኑ ላይ ባስቀመጠው ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ሎካልሆስት፣ 127.0.0.1፣ ከማሽኑ የማይወጣ አድራሻ። የገጹን መታወቂያ፣ ሰርተፍኬት የሚሉትን፣ ራሱ ለራሱ ፈርሞታል፤ ብራውዘሩ የሚያምነው አካል ስላልመሰከረለት ይጮኻል። በገዛ ቤቱ ደጃፍ «መታወቂያ!» የሚለውን ዘበኛ መስማት ያቆመ ሰው አይወቀስም። የሚደነቀው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ያው ጣት በካፌ ዋይፋይ የባንክ ገጽ ሲከፍትም አለመስማቱ። እዚያ ጩኸቱ «መሃል ገብቶ የይለፍ ቃልህን የሚያነብ ሰው ሊኖር ይችላል» ማለት ነው። ጣት ግን አድልዎ አያውቅም፤ ሁሉንም እኩል ያልፋል።

የከፈሉት መሥዋዕትነትም አይረሳ። ብራውዘሮቹ ክሮምም ፋየርፎክስም ሎካልሆስትን ባልተመሰጠረው በተራው ኤችቲቲፒ ቢከፈትም እንደ ደኅና ቦታ ይቆጥሩታል፤ ለአብዛኛው ሥራ ሰርተፍኬት ባላስፈለገ ነበር። የግድ ከሆነም ኤምኬሰርት የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ፤ በሁለት ትዕዛዝ ማሽኑ የሚያምነውን ሰርተፍኬት ያወጣል፣ ጩኸቱም ጸጥ ይላል። ጀግኖቻችን ግን አቋራጭ አይወዱም። ሁለቱን ትዕዛዝ ላለመጻፍ ዓመቱን ሙሉ «ፕሮሲድ» ሲሉ ይከርማሉ።

የሰዓቱን ነገር ካላነሳሁማ ግፍ ይሆንብኛል። የማሽኑ የሰዓት ባትሪ ሞቶ፣ ወይም አንዱ አገር ወዳድ በፈረንጁ የቀን ሳጥን የእኛን ዓመተ ምሕረት ሞልቶበት፣ ኮምፒውተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበትም የሚያልቅበትም ቀን አለው፤ ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ሲያድለው የኖረው ዕድሜው 90 ቀን ነው። እንግዲህ ለዚያ ኮምፒውተር የዓለም ሰርተፍኬት ሁሉ ገና አልተወለደም። ክሮምም «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ ቁልጭ አድርጎ ይነግረዋል። ልጁ «ኔትወርኩ ነው» ይላል። (በጅማ ዝናብ በኔትወርክ ያልተላከከ ጥፋት የለም፤ ይህም ይጨመርለት።)

ደግሞ ንፉጎች አይደሉም፤ ጥበቡን ለደንበኛ ያካፍላሉ። ቡና ነጋዴው ሐጂ፣ አንድ ጆንያ ለመግዛት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው፣ አሽትተው፣ ፍሬውን በጥርሳቸው ሰብረው የሚፈትኑ ሰው፣ የተሠራላቸውን ገጽ ሊያዩ መጡ። ቀዩም መጣ።

«ልጄ፣ ይሄ ምን እያለ ነው?»

«እሱን አይዩት ሐጂ፣ ሁሌም እንዲህ ነው። እዚህ ጋ ይንኩት፣ ከዚያ እዚህ ጋ።»

ሐጂ ነኩ። ተማሩ።

በሌላ ቀን ግን «ፕሮሲድ» የሚለው ራሱ ጠፋ። ለካ ልጁ የሙከራውን አድራሻ መጨረሻ «ዶት ዴቭ» ብሎታል። ዶት ዴቭ የጉግል ይዞታ ነው፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ክሮም ያለ ኤችቲቲፒኤስ (ሰርተፍኬት የሚጠይቀው የተመሰጠረ ግንኙነት) አይከፍተውም፣ ሰርተፍኬቱን ካላመነም ማለፊያ አያሳይም። ለሙከራ ተብሎ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀመጠ «ዶት ቴስት» ነበር፤ ግን ማን ያነባል! ሌላ ጣት ቢሆን እዚህ እጅ ይሰጥ ነበር። የእኛው ግን መጻፊያ ሳጥን በሌለበት ገጽ ላይ «ይህ አደገኛ ነው» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ 12ቱንም ፊደል ያለ ክፍተት፣ ጠቅ ጠቅ አደረገው። ክሮም ከፈተለት፤ ሠሪዎቹ ለባለሙያ የተዉት የጓሮ በር ነው። አደጋ መሆኑን በገዛ እጁ ጽፎ የሚገባ ጀግና ከወዴት ይመጣል?

ሐጂ ከትከሻው በላይ እያዩ ነበር። «ምንድነው የጻፍከው?»

«የይለፍ ቃል ነው፣ ሐጂ።»

ሐጂ ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ዘረጉለት። ሱቅ የሚውለው ልጃቸው የባንኩን ገጽ ሲከፍት ቀይ እየመጣበት ተቸግሯል፤ ይጻፍላቸው።